«ብቸኛ አከፋፋይ» እንዴት «ሎንሊ» ሆነ? የእንግሊዝኛ ቅጽሎች ክር

ቸርችል_ቁልቁል (ክር ከፋች)

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ ያለ አንድ የምጣድ አከፋፋይ የማሞቂያ ሽቦ ለሚያቀርብለት የውጭ ድርጅት የሚልከው ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ እየተመለሰ ነው። ግሱም መስተዋድዱም ቦታውን ይዟል፤ ቅጽሎቹ ላይ ሲደረስ ግን ይጎረብጣል። አማርኛውና ረቂቁ ይኸውላችሁ፦

«የተከበረው ድርጅትዎ» — «ዮር ሪስፔክትፉል ካምፓኒ»
«ታሪካዊ ሕንፃ ውስጥ የሚገኘው ሱቃችን» — «ሂስቶሪካል ቢልዲንግ»
«የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቸኛ አከፋፋይ» — «ሎንሊ ዲስትሪቢዩተር ኦፍ ኤሌክትሪካል ምጣድ»
«ቆጣቢ» — «ኢኮኖሚክ»
«በርካሽ ዋጋ» — «ቺፕ ፕራይስ»
«ከባድ ብልሽት ሲገኝ የሚመለከተው ክፍላችን ያሳውቃል» — «ሄቪ ዳሜጅ»፣ «ዘ ኮንሰርንድ ዲፓርትመንት»
«አብረን ለመሥራት ፍላጎት አለን» — «ዊ አር ኢንተረስቲንግ»

መዝገበ ቃላት ከተከፈተ ሁሉም «ልክ» ናቸው። የቱ ይቆይ፣ የቱ ይውጣ? ምክንያቱ ጭምር ቢጻፍ ለሌላውም ይጠቅማል።

ቀይ_እስክሪብቶ

ከላይኛው መስመር እንጀምር፣ ደብዳቤው የሚወድቀው እዚያው ነውና። «ሪስፔክትፉል» አክባሪ ነው፤ አክብሮቱን የሚሰጠው ወገን። የሚቀበለው «ሪስፔክትድ» ነው። አማርኛችን «አክባሪ» እና «ተከባሪ» ብሎ በቃሉ መነሻ እንደሚለያቸው፣ እንግሊዝኛው በቃሉ ጅራት ይለያቸዋል። ስለዚህ ረቂቁ አቅራቢውን «አክባሪው ድርጅት» እያለው ነው፤ ማንን እንደሚያከብር ግን አልተነገረም።

ሁለት ዘመዶች ደግሞ አሉት። «ሪስፔክታብል» ጨዋ፣ ሰው የማያፍርበት ማለት ነው፤ አንዳንዴም «ደህና የሚባል» ወደሚል ትርጉም ይወርዳል። «ሪስፔክታብል ስኮር» ብትል ግሩም ውጤት ሳይሆን «አያሳፍርም» የሚባል ውጤት ነው። «ሪስፔክቲቭ» ከክብር ጋር ምንም አያገናኘውም፤ «የየራሳቸው» ማለት ነው፣ ከሱ በኋላ የሚመጣውም ስም ብዙ ቁጥር ይሆናል።

ለዚህ ደብዳቤ ግን ማንኛቸውም አያስፈልጉም። «ኢስቲምድ» ስህተት አይደለም፣ ለሽቦ ግዢ ግን ካባ ደርቦ ገበያ መውጣት ይሆናል። «ዲር ሰር ኦር ማዳም» በቂ ነው። «ለክቡር» ማለት ስለለመድን እንጂ የእንግሊዝኛ የንግድ ደብዳቤ ድርጅቱን በማወደስ አይጀምርም።

ወለላ_አራት_ኪሎ

«ብቸኛ» ላይ የምለው አለኝ። የአማርኛው ቃል ሦስት ሥራ ይሠራል፣ እንግሊዝኛው ለሦስቱም የተለየ ሠራተኛ ቀጥሯል፦

ሌላ የሌለው፣ አንድ ብቻ የሆነ፦ «ኦንሊ»። ብቸኛ ልጅ «ኦንሊ ቻይልድ» ነው። «ሎንሊ ቻይልድ» ካልክ ሰባት እህትና ወንድም ቢኖሩትም የሚያጫውተው ያጣ ልጅ ነው።

በውል ወይም በሕግ ብቻውን መብት የያዘ፦ «ሶል»። ብቸኛ አከፋፋይ፣ ብቸኛ ወራሽ፣ ብቸኛ ባለቤት፤ ሁሉም «ሶል» ናቸው። ንግድ ፈቃድና ውል ላይ የምታገኙት ይህን ነው። «ኤክስክሉሲቭ» በአንዳንድ ውሎች ከ«ሶል» ይጠብቃል፦ «ሶል» ሲባል አምራቹ ራሱ የመሸጥ መብቱ ሊቀርለት ይችላል፣ «ኤክስክሉሲቭ» ሲባል ግን እሱም ይታገዳል። የውሉን ትርጓሜ አንቀጽ ሳታይ አንዱን በሌላው እንዳትተካ።

ሰው ናፍቆት የከፋው፦ «ሎንሊ»። ስሜት ነው። «አሎን» ደግሞ ስሜት የለበትም፣ ብቻውን መሆኑን ብቻ ይናገራል። ብቻውን ሆኖ ያልከፋው ሰው አለ፣ በሰው መሀል ሆኖ የከፋውም አለ። አንድ ጥንቃቄ፦ «አሎን» ከስም ፊት አይቆምም። «አን አሎን ማን» አይባልም፤ ከግሱ በኋላ ነው ቦታው። «አስሊፕ»፣ «አላይቭ» እና «አፍሬይድ»ም ጠባያቸው ይኸው ነው፤ የተኛው ሕፃን ከስሙ ፊት ሲመጣ «ስሊፒንግ» ይሆናል።

ጠቆር_ያለ_ማኪያቶ

«ሎንሊ ዲስትሪቢዩተር»፦ ምጣዱን ታቅፎ ዝናብ የሚያይ ነጋዴ ታየኝ። ሃሃሃ

ሰዋስው_ተራ

«ታሪካዊ» ላይ ረቂቁ ግማሽ ልክ ነው። «ሂስቶሪክ» በታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው ነው፤ «ሂስቶሪካል» ካለፈ ዘመን ጋር የተያያዘ፣ ታሪክን የሚመለከት ነው። የ1888ቱ የአድዋ ድል «ሂስቶሪክ» ነው። 1955 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ጉባኤም እንዲሁ። በዚያ ዘመን ላይ ተመሥርቶ ዛሬ የሚጻፍ ልቦለድ ግን «ሂስቶሪካል ኖቭል» ነው፤ ታላቅነቱ ገና አልታወቀም። ወመዘክር የተቀመጡ አሮጌ ደብዳቤዎች ሁሉ «ሂስቶሪካል» ናቸው፣ «ሂስቶሪክ» የሚባሉት ጥቂቶቹ ናቸው።

ስለዚህ የፒያሳው ሕንፃ በእድሜውና በነበረው ሚና የሚጠቀስ ከሆነ «ሂስቶሪክ ቢልዲንግ» በል። አርጅቷል ብቻ ከሆነ «ኦልድ» ይበቃዋል፤ ሽቦ ሻጩ ለሕንፃው ደንታ የለውም።

«ኢኮኖሚክ» በቀጥታ ይውጣ። እሱ የኢኮኖሚ ጉዳይን የሚመለከት ነው፦ ፖሊሲ፣ ዕድገት፣ ቀውስ። ቆጣቢው «ኢኮኖሚካል» ነው። ምጣድ ላይ ግን «ኢኮኖሚካል» ሲባል ገዢው ዋጋው ነው ወይስ መብራት የሚበላው ያነሰ ነው ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መብራቱን ማለትህ ከሆነ «ኤነርጂ ኢፊሸንት» ቁርጥ ያለ ነው።

«ኤሌክትሪክ» እና «ኤሌክትሪካል»፦ በስም የሚጠራ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወይም ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ አንድ ዕቃ «ኤሌክትሪክ» ነው፦ ምጣድ፣ ምድጃ፣ ጊታር፣ ባቡር። ጅምላ ስምና ሙያ ሲመጣ «ኤሌክትሪካል» ይሆናል፦ ዕቃዎች በጠቅላላ፣ መሐንዲስ፣ ብልሽት። ስለዚህ «ኤሌክትሪክ ምጣድ»፣ ግን «ኤሌክትሪካል ኢኩዊፕመንት»።

ሰባ_ደረጃ

ሰዋስው፣ «ክላሲክ» እና «ክላሲካል»ንም ጨምርበት እንጂ። እኛ ጋ ዘፈን የሌለበት ሙዚቃ ሁሉ «ክላሲካል» ተብሏል።

ሰዋስው_ተራ

እውነት ነው፣ ይኼ የኛው ፈጠራ ነው። ድምፃዊ የሌለበት በእንግሊዝኛ «ኢንስትሩመንታል» ነው። «ክላሲካል» የሞዛርትና የቤትሆቨን ዓይነት፣ በኖታ የሚጻፍ የአውሮፓ የሙዚቃ ወግ ነው። «ክላሲክ» ደግሞ ጊዜ ያላደበዘዘው፣ የዓይነቱ ቁንጮ ነው። በ1960ዎቹ የተቀረጸ የኛ ዘፈን «ክላሲክ» ሊሆን ይችላል፣ «ክላሲካል» ግን አይደለም። ሳክስፎን ብቻ የሚጫወትበት ትዝታም «ኢንስትሩመንታል» ነው፤ ከወደድከው «ክላሲክ» በለው፣ ማንም አይቃወምህም።

ጠቆር_ያለ_ማኪያቶ

አሁን ቁም ነገር። «ከባድ» ዋናው ወጥመድ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም አንዳንዴ «ሄቪ» ልክ ይመጣና ያዘናጋል። ከባድ ዝናብ፦ «ሄቪ»፣ ልክ። የመንገድ መጨናነቅ፦ «ሄቪ ትራፊክ»፣ ልክ። ከዚያ ሰው በዚያው ይነጉዳል። ከባድ ንፋስ «ስትሮንግ» ነው። ከባድ በሽታ «ሲሪየስ»። ከባድ ፈተና «ዲፊከልት» ወይም «ሃርድ»። ከባድ እንቅልፍ «ዲፕ»። ከባድ ወንጀል «ሲሪየስ»።

ልዩነቱ ይኼ ነው፦ «ሄቪ» የሚገባው ሚዛን ላይ የሚወጣ ነገር ሲሆን ወይም በብዛት የሚወርድ፣ የሚፈስ፣ የሚበላ ነገር ሲሆን ነው፦ ዝናብ፣ መኪና፣ ኪሳራ፣ ሲጋራ። መዘዙ የሚያሰጋ ሲሆን «ሲሪየስ»። ደረጃው የበረታ ሕመም፣ ብርድ፣ ድርቅ ሲሆን «ሲቪር»። ጉዳት ላይ ሁለቱም ይገባሉ፤ «ሲሪየስ ኢንጁሪ» ሲባል ዓይኑ መዘዙ ላይ ነው፣ «ሲቪር ኢንጁሪ» ሲባል የጉዳቱ መጠን ላይ።

ወደ ደብዳቤው ስንመለስ ከቅጽሉ በፊት ስሙም ተሳስቷል። «ዳሜጅ» ከውጭ የደረሰ ጉዳት ነው። ሽቦው ሲመረት አብሮት የመጣ ጉድለት «ዲፌክት»፣ ሲሠራ ቆይቶ የተፈጠረ ብልሽት «ፎልት» ነው። «ሲሪየስ ዲፌክት» በሉት። «ዳሜጅስ» ብላችሁ «ስ» እንዳታስከትሉ ደግሞ፤ በሕግ ቋንቋ ካሳ ማለት ነው፣ አቅራቢው ጠበቃውን ይጠራል።

«ቀላል»ም ያው ነው፦ ቀላል ሻንጣ «ላይት»፣ ቀላል ጥያቄ «ኢዚ»፣ ቀላል አሠራር «ሲምፕል»፣ ቀላል ብልሽት «ማይነር»። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማችን ቀላል ባቡር «ላይት ሬይል» ነው፤ ከዋናው የባቡር ሐዲድ ያነሰ ጭነት የሚሸከም ማለት ነው እንጂ ለመሳፈር ቀላል ማለት አይደለም። ጠዋት የሞከረው ያውቀዋል።

ሰባ_ደረጃ

ስምህ ማኪያቶ ሆኖ ቡናን መዝለልህ!

ጠቆር_ያለ_ማኪያቶ

እሺ። «ወፍራም ቡና» «ቲክ ኮፊ» አይደለም፣ «ስትሮንግ» ነው። የቀጠነው «ዊክ» ነው፣ «ቲን» አይደለም። ወጥ ሲሆን ግን «ቲክ» ልክ ነው፣ እውነትም ረግቷልና። ወፍራም ድምፅ «ዲፕ»፣ ቀጭን ድምፅ «ሃይ»፣ ቀጭን መንገድ «ናሮው»። ጠቆር ያለ ማኪያቶ ለፈረንጅ እንግዳ ሲተረጎም «ዳርክ» ካልከው የቡናው አቆላል ይመስለዋል፤ «ስትሮንግ፣ ዊዝ ለስ ሚልክ» ብለህ ገላግለው። ምናሌ ላይ «ትኩስ ነገር» «ሆት ድሪንክስ» ነው፣ ትኩስ ዳቦ ግን «ፍሬሽ» ነው፤ ከምድጃ ከወጣ ሰዓታት ካለፉት «ሆት» መሆኑ ቀርቷል፣ «ፍሬሽ» መሆኑ አልቀረም። በርበሬ የበዛበትን ምግብ «ስፓይሲ» በሉት፤ «ሆት» ካላችሁ እንግዳው እፍ እፍ ብሎ ጠብቆ ይጎርስና ያነባል።

የመዝገብ_ቤት_ሰው

ስለ «ኮንሰርንድ» ማንም አልነካም፤ ለኔ ትልቁ እሱ ነው። ቅጽሉ የቆመበት ቦታ ትርጉሙን ይለውጠዋል። ከስሙ ፊት ሲቆም «ዘ ኮንሰርንድ ዲፓርትመንት» የተጨነቀው፣ ያሳሰበው ክፍል ነው። ከስሙ ኋላ ሲቆም «ዘ ዲፓርትመንት ኮንሰርንድ» የሚመለከተው ክፍል ነው። አማርኛ ገላጩን ሁልጊዜ ከስም ፊት ስለሚያስቀምጥ («የሚመለከተው ክፍል») እጃችን ሳናስበው ከፊት ያኖረዋል፤ ስህተቱ ከቃል ምርጫ ሳይሆን ከቃል ሥርዓት ነው የሚመጣው።

ሌሎችም አሉ። ቃለ ጉባኤ ለምትጽፉ፦ «ዘ ሜምበርስ ፕረዘንት» በስብሰባው የተገኙ አባላት ናቸው፤ «ዘ ፕረዘንት ሜምበርስ» የአሁኖቹ አባላት ናቸው፣ ቢቀሩም ባይቀሩም። «ዘ ፒፕል ኢንቮልቭድ» ጉዳዩ ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ «አን ኢንቮልቭድ ፕሮሲጀር» ግን የተወሳሰበ አሠራር ነው።

ቀላሉ መውጫ «ዘ ሬለቫንት ዲፓርትመንት» ነው። ከፊት ይቆማል፣ ትርጉሙም አይዞርም።

ቀይ_እስክሪብቶ

ጋሼ መዝገብ ቤት፣ በአክብሮት ልከራከርዎ። «ኮንሰርንድ ቦዲ» በየመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ላይ አለ፤ ጽፎ የሚልከውም ተቀብሎ የሚያነበውም ይገባባበታል። ሕንዶችም «ኮንሰርንድ አውቶሪቲስ» ይላሉ። ሁሉ የሚግባባበት ነገር ስህተት ሊባል ይችላል?

የመዝገብ_ቤት_ሰው

ልጄ፣ እዚሁ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ለሚሄድ ደብዳቤ አልከራከርህም። የዚህ ደብዳቤ አንባቢ ግን ሌላ አገር ነው። እሱ «ቦዲ» ላይ ሲደርስ አካል ይበል ሬሳ ይበል ከዐውዱ ነው የሚለየው፤ «የተጨነቀ» ሲጨመርበት ዐውዱም አይረዳውም። አንባቢው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ሁለቱም ቦታ የሚሠራውን መምረጥ ነው።

ቀይ_እስክሪብቶ

ተቀበልኩ። «ቦዲ» ላይ ግን ትንሽ አጋነውብኛል።

ወለላ_አራት_ኪሎ

ዋጋውን ልጨርሰው። በእንግሊዝኛ ዕቃው ነው ርካሽ ወይም ውድ የሚባለው፤ ዋጋው ራሱ «ሎው» ወይም «ሃይ» ነው። «ቺፕ ፕራይስ» ስለዚህ አይሄድም። «ቺፕ» ብቻውን ደግሞ እንደ አማርኛው «ርካሽ» ይሰድባል፤ ርካሽ ሰው፣ ርካሽ ወሬ እንደምንለው ጥራት የጎደለው ያስመስላል። የራስህን ዕቃ ስታስተዋውቅ «አፎርደብል» ወይም «ሪዝነብል»፣ ከሌሎች ጋር የሚወዳደር ዋጋ ሲሆን «ኮምፒቲቲቭ»። ይህን ከ«ኮምፒተንት» አትቀላቅለው፤ እሱ ብቁ ነው፣ የሚባለውም ስለ ሰው ወይም ስለ ተቋም ነው።

«ውድ ጊዜዎን» የሚል ካለ «ኤክስፔንሲቭ» ሳይሆን «ቫልዩአብል»። «ኢንቫልዩአብል» በ«ኢን» ስለጀመረ ዋጋ ቢስ እንዳይመስልህ፤ ዋጋ የማይተመንለት ነው። ምጣድና ምድጃ ለሚሸጥ ሰው ከዚህ የባሰ አደገኛ ጥንድ አለ፦ «ፍሌመብል» እና «ኢንፍሌመብል» ሁለቱም ተቀጣጣይ ማለት ናቸው። የማይቀጣጠለው «ኖንፍሌመብል» ነው። ማሸጊያ ላይ «ኢንፍሌመብል» አይቶ እሳት አጠገብ የሚያስቀምጥ ሰው እንዳይኖር።

ሰባ_ደረጃ

«ኢንተረስቲንግ» ቀረ። ይኼ ስህተት ለምን አይለቅም? ሕጉን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ሲጽፍ ግን ይገለብጠዋል።

ሰዋስው_ተራ

ምክንያቱ አማርኛችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ስሜቱን የሚሰጠው ነገር በአማርኛ የተዘጋጀ ቅጽል አለው፦ አሰልቺ፣ አድካሚ፣ አስገራሚ፣ አስጨናቂ። ስሜቱን የሚቀበለው ሰው ግን በግስ ነው የሚነገረው፦ ሰለቸኝ፣ ደከመኝ፣ ገረመኝ፣ ጨነቀኝ። እንግሊዝኛው ለሁለቱም ቅጽል ይፈልጋል። ተማሪው እጁ ላይ ያለው ቅጽል አንድ ብቻ ስለሆነ እሱን ለሁለቱም ይለጥፈዋል፤ «አይ አም ቦሪንግ» ብሎ «አሰልቺ ሰው ነኝ» ይላል።

መፈተኛው አጭር ነው። አማርኛው በ«አ» ወይም በ«አስ» ጀምሮ በ«-ኢ» ድምፅ የሚያልቅ ቅጽል ከሆነ፣ «-ኢንግ»፦ አድካሚ፣ «ታየሪንግ»። አማርኛው «-ኝ»፣ «-ው»፣ «-ን» የሚል ተቀባይ የያዘ ግስ ከሆነ፣ «-ድ»፦ ደከመኝ፣ «ታየርድ»። ሁሉም ግን ጥንድ የለውም። ፈራሁ «አፍሬይድ»፣ አስፈሪ «ስኬሪ» ነው። አፈርኩ ደግሞ ይከፈላል፦ በሰው ፊት መሳቀቅ «ኢምባረስድ»፣ በሠሩት ጥፋት መጸጸት «አሼምድ»፤ ቡና ልብሱ ላይ የደፋ የመጀመሪያው ነው፣ ብር የሰረቀ ሁለተኛው።

ለደብዳቤው፦ «ዊ አር ኢንተረስትድ ኢን ዎርኪንግ ዊዝ ዩ»። የ«ኢንተረስትድ» አፍራሽ ሁለት ነው፣ ውል ላይ ሲመጣ ይጠንቀቁ፦ «አንኢንተረስትድ» ደንታ የሌለው፣ «ዲስኢንተረስትድ» በጉዳዩ ጥቅም የሌለው፣ ገለልተኛ። በንግግር ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው ያቀላቅሏቸዋል፤ ለምስክርና ለሽማግሌ ግን የሚፈለገው ሁለተኛው ነው።

ቸርችል_ቁልቁል

እግዜር ይስጥልኝ። አስተካክዬ ይኸው፣ መጨረሻ ላይ ቀድሞ ያላሳየሁት አንድ መስመር አለ፦

«ዲር ሰር ኦር ማዳም፣ ፍሮም አወር ሾፕ ኢን ኤ ሂስቶሪክ ቢልዲንግ ኢን ፒያሳ ዊ አር ዘ ሶል ዲስትሪቢዩተር ኦፍ አን ኤነርጂ ኢፊሸንት ኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሶልድ አት ኤ ኮምፒቲቲቭ ፕራይስ። ኢፍ ኤ ሲሪየስ ዲፌክት ኢዝ ፋውንድ ኢን ዮር ዋየር፣ ዘ ሬለቫንት ዲፓርትመንት ዊል ኢንፎርም ዩ። ዊ አር ኢንተረስትድ ኢን ዎርኪንግ ዊዝ ዩ፣ አዝ አወር ሌት ማኔጀር ሮት ቱ ዩ ላስት ይር።»

ፊርማ፦ የቦርድ ሰብሳቢ።

የመዝገብ_ቤት_ሰው

ጥሩ ሆኗል፣ ግን «አወር ሌት ማኔጀር» ምን ለማለት ነው?

ቸርችል_ቁልቁል

የቀድሞው ሥራ አስኪያጃችን። አሁን የቦርድ ሰብሳቢ ሆነዋል።

የመዝገብ_ቤት_ሰው

«ሌት» ከሰው ስም ወይም ማዕረግ ፊት ሲቆም ሟቹ ማለት ነው። ከግሱ በኋላ ሲሆን ነው «ዘገየ» የሚሆነው። «ፎርመር» በል፤ በሥራው ላይ የነበረ፣ አሁን የሌለ። «ፕሪቪየስ» ደግሞ ካሁኑ ልክ በፊት የነበረው ነው፤ መሀል ላይ ሌላ ሥራ አስኪያጅ ካለፈ አይሆንም። እንዳለ ከሄደ ሰውዬውን አንቀጹ ላይ ገድለህ ከታች ራሳቸውን ታስፈርማቸዋለህ።

ቸርችል_ቁልቁል

«ፎርመር» ተደረገ። ነፍስ ይማር ሳይላክልን ደረስን።